የእሑድ ቁሌት

ኮምቦልቻ፣ ጥር 27 ቀን

ይድረስ ለአማቴ፣ እናቴ ብዬ ለምጠራዎት፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ሰሞኑን የገራዶ ብርድ ብሷል ሲሉ ሰምቼ ለእርስዎ ሰጋሁ፤ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ጋቢዎን አይርሱ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአብርሃም የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ ሽማግሌ መስሏል። ነፃነት ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ፣ አንደኛ የወጣውን ልጅ እስካሁን ይቅር አላለችውም።

እንግዲህ ሰላምታው ይብቃንና ወደ ነገሬ ልግባ። በእኛና በእርስዎ መካከል በምትመላለሰው በእትዬ ቡዜ አፍ የላኩብኝ ቃል ደርሶኛል። በስልክ ልመልስልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ስልክ ላይ ቁጣዬ ይቀድመኛል፣ እርስዎን ደግሞ መቆጣት አልፈልግም። ስለዚህ ጻፍኩ።

ልጆቹን በደረቅ ሽሮ ያሳድጋል ብለዋል። ነፃነትን ለጎረቤት ገረድ አደረጋት ብለዋል። ልጄ ከጅዳ ለእኔ እንኳ በየወሩ ሳታጓድል ትልካለች፣ ለልጆቿማ ስንት ትልክ ይሆን፣ ያ ሁሉ የት ይገባል ብለዋል። በመጨረሻም እሑድ መጥቼ ልጆቹን እወስዳለሁ ብለዋል። ይሄኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እውነት ነው፣ ጽናት ወደ ጅዳ እንደሄደች ሰሞን አላወቅኩበትም ነበር። ከፋብሪካ ስወጣ ከምግብ ቤት ገዝቼ እገባለሁ፤ ወሩ ሳይጋመስ ደሞዜ ያልቃል። ያዳነችን ግድግዳ የምትጋራን ፋኢዛ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቤት ሁለት ምድጃ ከምናነድ ለምን አንድ ላይ አናበስልም አለችኝ። እርስዎ እንደሚያውቁት የእኛን ሥጋ እነሱ አይበሉም፣ የእነሱን እኛ አንበላም። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ድስታችን ሥጋ እንዳይነካ ተስማማን። ሥጋ ያማረው ቅዳሜና እሑድ በየቤቱ፣ በሌላ ድስት።

ቅዳሜ ሻጮቹ ወደየቤታቸው ሊገቡ ሲሉ ነው ገበያ የምንወርደው፤ ያኔ ቲማቲሙም ድንቹም ይረክሳል። እንጀራውን እሷ ትጋግራለች። የእኔ ድርሻ ቁሌቱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽንኩርቱን ከትፌ፣ በዘይትና በበርበሬ ቀስ አድርጌ አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ አበስላለሁ። ከዚያ በየማታው ሁለት ጭልፋ ማውጣት ነው። ሰኞ ሽሮ ይሆናል፣ ረቡዕ ምስር፣ ዓርብ ክክ። ማክሰኞና ሐሙስ የፋኢዛ ተራ ነው፤ ድንች በጎመን ትሠራለች፣ ያደረ እንጀራ ካለም ፍርፍር። ረቡዕና ዓርብ ለእኛ ጾም ስለሆነ ነገሩ ሁሉ ገጠመ። ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ይላሉ አሉ። ከገባሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፣ ጢሜ አልረገፈም። እንዲያውም ፈረቃ የሚጋሩኝ ወንዶች ቁሌቱን እንዴት ነው የምታቆየው እያሉ በጆሮዬ ይጠይቁኛል።

አሁን እትዬ ቡዜ አየሁ ያለችውን ልንገርዎት። ያን ሰኞ እርስዎ በፌስታል ጠቅልለው የላኩትን ቋንጣ ይዛልን መጣች። ደስ አለኝ። እንግዳ ፊት ትንሽ ልኩራ ብዬ ሳላስብ ሰባብሬ ሽሮው ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያም እንደ ልማዴ የፋኢዛን ድርሻ ቀድቼ አደረስኩላት። ጥፋቱ የኔ የብቻዬ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ፋኢዛ ሳህኑን እንደተከደነ ይዛ ደጄ ላይ ቆመች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወንድሜ፣ ቋንጣ ገብቶበታል መሰለኝ አለችኝ። ልጆቿ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠው ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳህኑን ተቀበልኳት።

ነፃነት ግን ተነሳች። ድስታችን ሥጋ ነክቶታል፣ በሱ አይሆንም አለች። ቁሌቱን ያወጣሁት ቋንጣው ሳይገባ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠይቃ አረጋገጠች። ከዚያ የቁሌቱን ዕቃና የሽሮውን ቆርቆሮ አቅፋ ፋኢዛ ቤት ገባች፤ በፋኢዛ ድስት፣ በፋኢዛ ማማሰያ ሠራችው። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። የእነፋኢዛ ልጆች ጠግበው አደሩ። ፋኢዛም ማሻ አላህ፣ ይቺ ልጅ አገር ትመራለች አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው እኮ፣ እናቴ። የሰውን ሃይማኖት የምታከብር፣ የአባቷን ጥፋት አባቷን ሳታዋርድ የምታርም ልጅ ናት። ኮራሁባት፤ እርስዎም ቢያዩ ይኮሩባት ነበር።

እትዬ ቡዜ ልጅቷ ዕቃ አቅፋ ጎረቤት ስትገባ አየች፣ ለምን እንደገባች ግን አልጠየቀችም። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? አልተቀየምኳትም፤ ይህንንም ደብዳቤ የምልከው በሷው ነው።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እሑድን ይተዉትና ጾሙ ሳይገባ አንድ ረቡዕ ይምጡ። እኔ ደሴ መነኻሪያ ድረስ ወጥቼ እቀበልዎታለሁ። ማታ ምስሬን ይብሉ፣ የልጆቹን ጉንጭ ይዩ፣ ደብተራቸውን ያስገልጡ። ፋኢዛንም ራስዎ ይጠይቋት። ከዚያ በኋላ እወስዳለሁ ካሉ ልብሳቸውን እኔው አጥፌ እሰጥዎታለሁ፤ ቃሌ ነው። ግን አይሉም።

ስለ ብሩ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም።

ጽናት ትናንት ደወለች፣ ደህና ናት። እስካሁን ለእማዬ እንዳትነግር ብላ አስምላኝ ነበር፤ ነገሩ አሁን ስለተፈታ ልንገርዎት። አሠሪዋ መዳም ከመስከረም ጀምሮ አንዲት ሪያል አልከፈለቻትም ነበር። የአገር ልጆች ገብተውበት ሰሞኑን መክፈል ጀምራለች፤ ጽናትም ከመጋቢት ወር አንስቶ ትልካለች። የእርስዎ ግን እንደ ጥቅምቱ፣ እንደ ኅዳሩ፣ እንደ ታኅሣሡና እንደ ጥር ወሩ ሁሉ፣ የካቲትም በገባ በአምስተኛው ቀን ይደርስዎታል። ለዚህ አይስጉ።

እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ልጆቹ ጉልበትዎን ይስማሉ። ምርቃትዎ ከቤታችን አይራቅ።

አክባሪ አማችዎ፣
የነፃነትና የአብርሃም አባት