የእማዬ እግርና መርማሪዋ

ውድ ወንድሜ ሮይስ፣

እንደምን ሰነበትክ? የኮዲያክ ብርድ እንዴት አደረገህ? ጨውና በረዶ የሰነጠቀው እጅህስ ጠገገልህ ወይ? ሚስትህ ማቪስ ጤናዋ እንዴት ነው? መንታዎቹስ አደጉ? ጀልባችሁ በሰላም ወጥታ በሰላም እንድትገባ ጸሎት ከአፌ አይለይም። እኔ አለሁ፤ እማዬም አለች። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልዘጋው ፈልጌ ነበር፤ ግን ሆዴ አልችል አለ።

እማዬ ዳሌዋ ተሰብሮ ሶርዉድ መጦሪያ ስትገባ፣ በባለ አራት እግር ምርኩዟ እስከ መመገቢያው ክፍል ትሄድ እንደነበር ታስታውሳለህ። ወጪዋን የሚሸፍነው መንግሥት ነው፤ እግሯን የሚያለማምዳት ባለሙያም ከዚያው ይከፈለዋል። ያ ባለሙያ የገና በዓል ሲደርስ ሥራውን ለቆ ሄደ። በቦታው የተተካ የለም። ሥራ አስኪያጁን፣ ሚስተር ፕራተርን፣ በጠየቅሁት ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት ይለኛል። ሳምንቱ ይመጣል፣ ሰው አይመጣም። እማዬ መጀመሪያ ምርኩዙን ተወች፤ ቀጥሎ መቆሙንም ተወች።

በፌብሩዋሪ ፕራተር የነዋሪዎቹን ቤተሰቦች ጠርቶ ኬክ አቀረበልን። የመንግሥት መርማሪዎች እንደሚመጡ፣ የተከፈለው ሁሉ በእርግጥ ለአረጋውያኑ መዋሉን እንደሚያጣሩ ነገረን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ክፍያው ከቆመ በሩን ከመዝጋት በቀር ምርጫ እንደሌለው፣ በጎ በጎውን ብንናገር ለወላጆቻችን እንደሚበጅ አስረዳን። የከፋው ነገር አለመዋሸቱ ነው። ሌላው መጦሪያ ከተራራው ማዶ ነው፤ እኔ ደግሞ ከምሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ወጥቼ በየማታው እዚያ ልደርስ አልችልም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። ብናገር እናቴን ከአልጋዋ ላስነቅላት ነው፤ ዝም ብል አልጋው ላይ ላስቀራት ነው።

መርማሪዋ ወይዘሮ ታኬት የምትባል፣ ጫማዋን ጭቃ የነካው ዝምተኛ ሴት ናት። ወንበር ስባ እማዬ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ፕራተር በሩ ላይ ቆመ። ልምምዱ እንዴት እየሄደ እንደሆነ የጠየቀችው እኔን ነበር። እማዬ ቀደመችኝ።

“ልጄን ምን ትጠይቂያታለሽ? እግሩ የኔ ነው” አለቻት። “ያ አለማማጅ ልጅ የገና ሰሞን ሄደ። ከዚያ ወዲህ እጄን ይዞ ያቆመኝ የለም።”

ፕራተር ሳቅ ብሎ መርማሪዋን፣ “ኦፓል አንዳንዴ ነገር ይምታታባታል” አላት፤ እማዬን ማለቱ ነው። እማዬ ቀና ብላ አየችው።

“ልክ ነህ፣ እረሳለሁ። የልጅ ልጆቼ ስም እንኳ ይጠፋብኛል። ቆሜ መሄዴ እንደቀረ ግን አይጠፋኝም።”

ወይዘሮ ታኬት ወደኔ ዞረች። ፕራተርም አየኝ። “እውነቷን ነው” አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ውሳኔው ሲመጣ፣ መጦሪያው ላልሰጠው አገልግሎት የወሰደውን እንዲመልስ፣ በቂ ሠራተኛ እስኪቀጥርም አዲስ ሰው እንዳይቀበል ታዘዘ። ፕራተር ሻንጣውን ይዞ ሄደ። አዲስ አለማማጅ ተቀጠረች። ባለፈው ረቡዕ እማዬ የብረቱን ድጋፍ ይዛ ቆመች። ላብ በላብ ሆና ልጅቷን ትራገማታለች፤ ልጅቷም “እየተራገሙም ቢሆን ቀጥ ይበሉ” ትላታለች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ደስታዬ ግን አልዘለቀም። አዲስ ሰው ስለማይገባ አልጋዎቹ አንድ ባንድ ባዶ እየሆኑ ነው። ባለቤቶቹ ይዘጋል አይዘጋም ብለው አልተነፈሱም። እዚያው አስታማሚ የሆነችው የአክስታችን ልጅ ዳርላ አኩርፋኛለች። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አግኝታኝ፣ “እናትሽ ትቁም ብለሽ ስንቱን ሥራ ፈት አድርገሽ ልታስቀምጪ ነው?” አለችኝ። እሷ እኮ ያን ሁሉ በሽተኛ ያለ ረዳት ስታገላብጥ ወገቧ የተቆረጠ ሰው ናት። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከመጦሪያው ይመስለኛል። ባቄላዬን ጥጄ እረሳለሁ፤ ሲያር ሽታው ነው የሚጠራኝ።

ስለዚህ ሮይስ፣ የምለምንህ ገንዘብ አይደለም። የዓሣው ወቅት ጋብ ሲል ና። ቢዘጋ እማዬን የት እንደምናደርጋት አንተም ፊቷ ተቀምጠህ ምከር፤ ለብቻዬ ከብዶኛል። እንደምጽፍልህ ስነግራት የላከችልህ ቃል ይኸው፦ “ይዝጉትም አይዝጉትም፣ ከዚህ ቤት በእግሬ እንጂ በሰው ሸክም እንደማልወጣ ንገሪው። እሱ ግን መጥቶ በሩን ከፍቶ ይያዝልኝ።”

ማቪስን እቀፍልኝ። መንታዎቹን፣ ኬሌብንና ጁንን፣ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አማትህን ሽማግሌውን ሰላም በልልኝ፤ አብረውህ ዓሣ ለሚያጠምዱትም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

እህትህ ቨርና
ፔኒ ፎርክ፣ ኬንታኪ
ሜይ 9 ቀን 2019