ሸክላ የሞላበት ቤት

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 1975

ዐሥራ አንድ ሸክላ አለኝ፣ ማጫወቻ የለኝም። ጎረቤቴ የነበረው መምህር ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሲዛወር «እኔ ወደ ካሴት ገብቻለሁ፣ አንተ ስማበት» ብሎ በካርቶን ትቶልኝ ሄደ። በምን እንደምሰማበት አልነገረኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ እያወጣሁ በሸሚዜ ጫፍ እጠርጋቸዋለሁ፣ የዘፋኞቹን ፎቶ አያለሁ፣ መልሼ እከታቸዋለሁ። እንዲህም ያለ ሙዚቃ ወዳድ አለ።

ዛሬ ግን ጭንቀቴ ሌላ ነው። አያ ምናለ ከቡሬ ተመለሱ። አከራዬ ናቸው፤ ይታይሽን እንዲጠይቁልኝ ትናንት አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ሆነው ሄደው ነበር። አባቷ አቶ አያሌው ከቡሬ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው።

«ምን አሉ?» አልኩ ገና ሳይቀመጡ።

«ጊዜ ስጡን አሉ።»

ጊዜ የሚጠየቀው ላላወቁት ሰው ነው። እኔን አይተውኛል፣ ሥራዬን ያውቃሉ። ቀስ እያልኩ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር፤ ጠላ ቀርቧል፣ ሳቅ ነበር። ልጁ ምን ይዟል ሲባል አያ ምናለ ሊያሞግሱኝ ተነሡ። «የፍኖተ ሰላምን መብራት የሚያስነሣ እሱ ነው አልኩ። አይጠጣ፣ አያጨስ አልኩ። ቤቱ ደግሞ ሸክላ የሞላ ነው አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንጃ፣ ሳቁ ቆመ። ቆይተው የእናቱ አገር ወዴት ነው አሉ።»

ይኸን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው ኖሬአለሁ። እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ሐሳቤን ለማስቀየር ጋሽ ተካ ዘንድ ሄድኩ። ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው፤ ሱቃቸው ውስጥ ሁለት ማጫወቻ ለሽያጭ ተቀምጧል።

ትልቁ፦ ሬዲዮግራም። ቁም ሣጥን ያህላል። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። በመብራት ብቻ ይሠራል። ለማንሣት አራት ሰው ይፈልጋል።

ትንሹ፦ ሻንጣ። ክዳኑ ራሱ ድምፅ ማጉያ ነው። በስድስት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ድምፁ ቀጭን፣ ዘፋኙን አፍንጫውን የያዙት ይመስላል። ደግሞ ይዋዥቃል።

ልቤ ትልቁ ላይ ነው። ግን የከተማውን ሞተር የማስነሣው እኔ ነኝ፣ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ሲመሽ ሰው ሁሉ አምፑሉን ሲያበራ ሞተሩ ያቃስታል፤ ያን ጊዜ ሬዲዮግራሙ ላይ ያለው ዘፋኝ እንቅልፍ ይመጣበታል። በራሴ ሥራ ራሴ ልበሳጭ?

ጋሽ ተካ ማጉያ መነጽር ሰጡኝ። «ጀማሪ ሁሉ ሣጥኑን ያያል። አንተ መርፌውን እይ። የሾለ መርፌ ያነባል፣ የደነዘዘ ያርሳል። የታረሰ ሸክላ ደግሞ አይድንም» አሉኝ። ሁለቱንም መርፌ አየሁ። የትንሹ ሾጣጣ ነው። የትልቁ ሲያርስ የኖረ ነው።

ሳልወስን ወጣሁ። መንገድ ላይ ያሰብኩት ስለ መርፌ አልነበረም። የእናቱ አገር ወዴት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

የይታይሽ ደብዳቤ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ደረሰኝ። ቡሬ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ የተዋወቅነውም ወባ ይዞኝ እዚያ በወደቅሁ ጊዜ ነው። እንዲህ ትላለች፦

«አባባ ሸክላ ሲባል የሚያውቀው ጋንና እንስራ ነው። ቤቱ ሸክላ ሞልቷል ሲባል ልጁ የሸክላ ሠሪ ዘር ነው ብሎ ተቀምጧል! እማማ ከእሑድ ጀምሮ እህል አይወርድላትም። እኔ ግን በሳቅ ልሞት። ማጫወቻ ግዛና ለሚካኤል ይዘኸው ና። በዓይናቸው ይዩት፣ በጆሯቸው ይስሙት፣ ይለቃቸዋል። የሚመጣው ረቡዕ ጾም ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ዘፈን የለም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድም ጊዜ አልሳቅሁም።

እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው? የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች። የጭቃውን። ከጅጋ በላይ ካለው መንደራቸው ጋኑን በጀርባዋ አዝላ ገበያ ትወርድ ነበር። ሰዎች ጋኗን ይገዛሉ፣ በር ላይ ግን ሲያዩዋት ልጆቻቸውን ይሸሽጋሉ። ቡዳ ናት፣ ሰው ትበላለች ይሏታል። እናቴ ገበሬ አግብታ ከዚያ ወጣች፤ እኔን «ሲጠይቁህ አያቴም ገበሬ ናት በል» ብላ አሳደገችኝ።

ሁሉም ሰው እኩል ነው ተብሎ በየስብሰባው እጃችንን አውጥተን አጽድቀናል። ልጅ ሲዳር የሚቆጠረው ግን አሁንም አጥንት ነው።

ይታይሽ ይኸን አታውቅም። አልዋሸኋትም፣ አልነገርኳትም። ልዩነት አለው እያልኩ ራሴን ሳሳምን ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ሻንጣውን ወሰድኩ። ገጠር መብራት የለም፤ ምርጫው ራሱ አለቀ። ብስክሌቴን ለጋሽ ተካ ሰጥቼ ለወጥኩት። ከእንግዲህ ወደ ሞተሩ በእግሬ።

ከመውሰዴ በፊት ግን ሸክላ ሞከርንበት። ከካርቶኔ አንዱን አወጣሁና ሳላስበው በጣቴ አንጓ ኳ ኳ አደረግሁት።

«ምነው፣ ጋን መሰለህ?» አሉ ጋሽ ተካ። ሳቁ። ፊቴ ጋለ።

አያቴ እንደዚያ ታደርግ ነበር። ከእሳት የወጣውን ጋን ሁሉ በአንጓዋ ትመታና ጆሮዋን ታስጠጋለች። «ይኸ ደህና ነው። ይኸ ታሟል» ትላለች። ታሟል ያለችው ላይ ስንጥቅ በዓይን አይታይም፣ ውኃ ሲሞሉበት ግን ያነባል። አንድም ቀን ተሳስታ አላየሁም።

ሸክላው ሲዞር ዘፈኑን ትቼ ከሥር ያለውን አዳመጥኩ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ ሸክላው አንዴ እስኪዞር ደጋግሞ። ሸክላውን አንሥተን ከሥር ሆና የምታዞረውን ትንሽ ጎማ አየናት፤ አንድ ቦታ ጠፍጥፋለች። በብርጭቆ ወረቀት እያሻሸሁ አስተካከልኳት። መዋዠቁ ቆመ። ጋሽ ተካ «ዐሥር ዓመት ስጠግን ይኸን በጆሮ ያገኘ ሰው አላየሁም፤ ጆሮህን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

ከሞተሩ ነው አልኳቸው። ስለ ጆሮዬም ዋሸሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

በቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ተሰማ! ባለ ማሲንቆውን፣ የሠርጉን ዘፈን፣ አንደኛውን ፊት ብቻ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ለሦስት ደቂቃ ያህል ምንም አልፈራሁም።

ሁለተኛውን ፊት ባትሪ ልቆጥብ ብዬ ተውኩት። ቀሪዎቹንም አልነካኋቸውም። ድንጋዮቹ መንገድ ላይ ቢያልቁስ? መርፌው ቢሰበርስ? ዝም ቢል ቤቱ ምን ይላል? ዝም ባይልስ?

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ነገሩ ማማሩ ነው። አጫውታለሁ፣ ይስቃሉ፣ «ለካ ይኸ ነው» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ እናቴ አገር የሚጠይቅ የለም። አያቴ በሳቅ ትቀበራለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

የሚያዝ፦ ሻንጣው። ባለ ማሲንቆው ሸክላ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ። ሁለት መለዋወጫ ድንጋይ። የሸክላውን ሰፊ ቀዳዳ መሙያ ፕላስቲክ። ንጹሕ ሸሚዝ። ለእናቷ ስኳር።

ለአያ ምናለ ነገርኳቸው። ስለ አያቴ። ማንንም ሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነው። ጠላ ይዘው ነበር፤ ብርጭቆውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። መልሰው አላነሡትም። አየሁት፣ እሳቸውም ማየቴን አዩ።

«ምን ልታደርግ ታነሣዋለህ? አያትህ ሞተዋል፣ ነፍስ ይማር። አጫውተህ ልጅቱን ይዘህ ውጣ» አሉኝ።

ነገ አብረውኝ ይመጡ ይሆን?

እሑድ፣ ኅዳር 12፣ ጠዋት

መጥተዋል። ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ሻንጣውን እኔ ልያዝልህ አሉኝ። አልሰጠሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ከቡሬ አሁን ገባሁ። ነገሩ ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ኬላው ላይ ዘበኛው ሻንጣውን ክፈት አለ። «ምንድን ነው?» ሲለኝ «የሸክላ ማጫወቻ» ለማለት ምላሴ ታሰረ። አያ ምናለ ናቸው የተናገሩልኝ። እስቲ አዘፍነው አለ። ባትሪው ያልቃል ብዬ ለመንኩት፤ አየት አድርጎኝ ለቀቀን።

እነ ይታይሽ ቤት ስንደርስ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነበር። አባቷ፣ እናቷ፣ እሷ። ሰላምታው አጭር ነው። እናቷ እጄን ሳይሆን የእጄን ጣቶች ነካ አደረጉኝ። ሻንጣውን በርጩማ ላይ ከፈትኩ፣ ሸክላውን አስቀመጥኩ፣ መርፌውን አሳረፍኩ።

ማሲንቆው ተነሣ።

አቶ አያሌው ጎንበስ ብለው መርፌዋን አዩ፣ ቆዩ። «ይቺ ናት የምታነበው?» አሉ። አዎ አልኩ። «ሸክላው ይኸ ነው?» አዎ። «ሸክላ ያላችሁት ይኸን ነው?» አሉ ወደ አያ ምናለ ዞረው። ከዚያ ሳቁ። ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። እናቷ ረጅም ትንፋሽ አወጡና መሶብ ሊያቀርቡ ተነሡ። ይታይሽ «አላልኩህም?» በሚል ዓይን አየችኝ። ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

አቶ አያሌው ትከሻዬን ያዙኝ። «ይቅር በለን ልጄ። እኛኮ ሌላ መስሎን ስንት ቀን እንቅልፍ አጣን። በንጹሕ ሰው ላይ!»

ያናገረችኝ «ንጹሕ» ያሏት ቃል ናት። እሷን ባይሏት ኖሮ ዝም እል ነበር፣ ራሴን አውቀዋለሁ። አያቴ ከዚያች ቃል ውጭ ቆማ ታየችኝ።

«አባቴ» አልኩ፣ «የእናቴ እናት የጭቃውን ሸክላ ትሠራ ነበር። ጅጋ ገበያ ትሸጥ ነበር። ጆሮዬንም ያገኘሁት ከእሷ ነው።»

ዘፈኑ አላለቀም። ሙሽራ እያወደሰ፣ እየጨፈረ ቀጠለ። ማን ያቁመው? ሁላችንም እስኪያልቅ ጠበቅን። ካለቀ በኋላ መርፌዋ መሐል ላይ ክሽ፣ ክሽ እያለች ትዞራለች። እናቷ መሶቡን እንደያዙ ቆመዋል። አያ ምናለ መሬት መሬት ያያሉ።

አቶ አያሌው ለሚስታቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። ሚስትየው መለሱ፣ አጭር ነው። አባትየው ደገሙ። እኔ አንዲት ቃል አልገባኝም። ይታይሽ ይገባታል፤ ፊቷን ባየው ባየው ምንም አልተጻፈበትም።

«ይኸ ነገር» አሉ አቶ አያሌው በመጨረሻ፣ «በወዲያኛው ፊቱም ይዘፍናል?»

«አዎ።»

«ሰምተኸዋል?»

«አልሰማሁትም። ባትሪ ስቆጥብ ነው።»

«በል ገልብጠው።»

ገለበጥኩት። መርፌዋን ወደ መሐል አሳርፌያት ኖሮ ግማሹ ዘፈን አመለጠን። ቀሪውን ሰማን። የሐዘን እንጉርጉሮ ነበር። መሶቡ ሲከፈት አቶ አያሌው ወደ መሐል ሳቡትና «ቅረብ» አሉኝ። ከአንድ መሶብ በላን፣ እሳቸው፣ እኔ፣ አያ ምናለ። እናቷ አልበሉም። ጾም አልነበረም።

እዚያው አደርን። ዛሬ ጠዋት ሻንጣዬን ልዘጋ ስል አቶ አያሌው እጄን ያዙ። «ተወው፣ እዚህ ይክረም። ከነገ ወዲያ ጾም ነው፣ አይነካም። ለገና አንተው መጥተህ ታስነሣዋለህ።»

አያ ምናለ መንገድ ላይ ሲያወጡ ሲያወርዱ መጡ። «መጥተህ አሉ። ሰምተሃል? መጥተህ ነው ያሉት። እምቢ የሚል ሰው መጥተህ አይልም። ወይስ ዕቃህን መያዣ ማድረጋቸው ይሆን?» ቡሬ እስክንደርስ አልተቋጨም። አውቶቡስ ስንጠብቅ ግን የያዝኳትን ውኃ ከእጄ ተቀብለው ከእኔ ጠርሙስ ጠጡ።

ይታይሽ እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። ስንለያይ «ለአባቴ ከመንገርህ በፊት ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች። ይቅርታ አልኳት፣ ቃሉ አነሰኝ።

«በአገውኛ ምን ተባባሉ?» አልኩ።

«አንተ ሁለት ዓመት አስጠብቀኸኛል» አለች። «እኔ እስከ ገና ባስጠብቅህ ምን አለበት?» አፏ ሊስቅ ዳር ዳር ያለ መሰለኝ። ወይም እንዲስቅ ስለፈለግሁ ይሆናል።

አሁን ዐሥር ሸክላ አለኝ፣ ማጫወቻ የለኝም፣ ብስክሌትም የለኝም። ቅዳሜ እናቴ ወዳለችበት ጅጋ ወርጄ ምስጢሩን ማውጣቴን መንገር አለብኝ፤ ከአቶ አያሌው ይልቅ እሷን ፈርቻለሁ። እስከዚያ ግን አንዱን ሸክላ ከካርቶኑ አውጥቼ በአንጓዬ መታሁት። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ደህና ነው።