ቀኑን የምነግራት እኔ ነኝ

ለታላቅ እህቴ ለሰሚሃ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ በሰው አገር ይጠብቅልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ሐይቅ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው፤ የማሽላው እሸት ደርሷል። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እማ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ ኡበይድ ወደ ጅዳ ሊመለስ ነው ሲሉኝ በሱ እጅ ላክሁት።

ትናንት ቀትር ላይ እማ ውዱእ አድርጋ ዙህርን ሰገደች። ጨርሳ ተነሳችና እንደገና ውዱእ አድርጋ ሰገደች። ለሦስተኛ ጊዜ ልትታጠብ የውኃውን ጆግ ስታነሳ፣ "እማ፣ ሰግደሻል እኮ" አልኳት። ጆጉን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና፣

"ሰሚሃ ነገረችሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

ያኔ ራሷ አወጣችው፦ ባለፈው ረመዳን ከገበያ ስትመለስ የገዛ ቤቷ መንገድ ጠፍቷት፣ አንድ ባለባጃጅ ሰው እየጠየቀ አደረሳት። ላንቺ በስልክ ነግራሽ፣ ለኔ እንዳትነግሪ አስምላሻለች፤ አንቺም እሺ ብለሽ እስከ ዛሬ ዝም አልሽኝ።

በደወልሽ ቁጥር "እማ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?" ስትያት ጨዋታ መስሎኝ እስቅ ነበር። እሷ ደግሞ ስልኩ ሲጠራ ቶሎ ብላ፣ "ረቢያ፣ ዛሬ ማን ነው?" ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። አንቺ ትፈትኛታለሽ፣ እሷ ከኔ ትኮርጃለች። አንድ ጣሪያ ስር አብሬያት የማድረው እኔ ብቻ አላውቅም።

በይ እንግዲህ፣ አላህ በአፊያ ያገናኘን። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሻል። እማም አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ደህና ናት ብለሽ ጻፊላት" እያለችኝ ነው።

ይኸው ጻፍኩልሽ።

እህትሽ ረቢያ