የመሳቢያዬ ዓይኖች

ለዚያ ለኩሩው፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ሥራስ እንዴት ይዞሃል? ጤናህን የጠየቅኩት ለወጉ አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ። እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ስለምሠራ፣ ከወንበሬ የምነሳው እንደ አሮጊት እህ እያልኩ ነው። ያኔ ቀና በይ የሚለኝ ሰው ነበር።

ደብዳቤህን ታላቅ እህትህ አመጣችልኝ። ስድስት ዓመት ዝም ብለህ ከርመህ ስትጽፍ ግማሽ ገጽ፣ ያውም ልመና! ሆስፒታል ውስጥ ሠርቼ የጣልኳቸውን ሰው ሠራሽ ዓይኖች በሙሉ ላኪልኝ ትላለህ። ጨለማ ክፍል ውስጥ በናይለን ክር አንጠልጥለህ፣ የልብ ምት በድምፅ ማጉያ እየለቀቅክ ለሕዝብ ልታሳይ ነው አሉ። ጉደኛ ነህ። እኔ እዚህ ስቀጠር፣ ይሄ ጥገና እንጂ ጥበብ አይደለም ብለህ ቀለበቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ አልነበር የወጣኸው? ዛሬ ጥገናው ጥበብ ሆነልህ?

ያቺን የራጅ ፊልም የሰቀልክባትን አውደ ርዕይ መጥቼ አይቻለሁ፤ አልነገርኩህም እንጂ። ከኋላቸው መብራት አድርገህባቸው ያምሩ ነበር፣ አልዋሽም። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት የተሰበረውን እጅ አይተው አይተው፣ ልጄ ይሄ ሰውዬ ዳነ ወይ አሉኝ። ማንም አያውቅም። አንተም አታውቅም ነበር። እኔ ሆስፒታል የቀረሁት የዳነውን ማየት ስለምወድ ነው። በነገራችን ላይ እዚህ ሐኪሞቹ ሠዓሊዋ ይሉኛል፣ የድሮ ጓደኞቻችን ደግሞ ሐኪሟ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜልሃለሁ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ ልንገርህ። ሰውየው መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ብርሃን ብቻ ነው የምሠራው፤ አምፖል ቀለም ያሳስታል። ደህናውን ዓይኑን እያየሁ የጠፋውን እስላለሁ፣ ከቀይ ሐር ክር አንዳንድ ዘለላ እየመዘዝኩ የደም ሥሩን አኖርበታለሁ። ሕጋችን አንድ ነው፤ የሰውየውን ዓይን ሳያዩ ብሩሽ አይነሳም። በቃል መሥራት አይፈቀድም።

እኔ ግን ለካ ሳላውቀው በቃሌ ስሠራ ኖሬያለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ልብስ ሰፊ የሠራሁላትን ዓይን በመሀረብ ጠቅልላ መለሰችልኝ። እህቴ፣ እጅሽስ ይባረክ፣ ግን ይሄ የኔ አይደለም አለችኝ። ባሏ ራት ላይ ቀና ብሎ ሲያያት፣ ማንን ነው ይዘሽብኝ የመጣሽው፣ የማላውቀው ሰው እያየኝ ነው አላት። ተሳሳቅን። እሷ ስትወጣ ዓይኑን ብርሃን ላይ አድርጌ አየሁት። ቡናማው ላይ፣ ከታች ወደ አፍንጫ በኩል፣ የሰሊጥ ፍሬ ግማሽ የምታህል ቢጫ ነጥብ አለችበት። ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ነገር የላትም። መሳቢያውን ስቤ የተመለሱብኝንም፣ ደስ ሳይሉኝ የጣልኳቸውንም ደረደርኩ። አሥራ አንድ ናቸው። ነጥቧ በአሥራ አንዱም ላይ አለች።

የማን እንደሆነች ታውቃለህ። ስትላጭ ግራ ዓይንህን በመስታወት አይተኸዋል፣ እኔ ደግሞ ከአንተ በላይ አይቼዋለሁ። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይላሉ። እነሱ የእኔን መሳቢያ አላዩም። ይሄን ለሕዝብ ስቀልልኝ ብዬ ልላክልህ? አላደርገውም።

አሁን ወደ ጤናህ ልመለስ። እህትህ ምንም አላወጣችም፤ እንዳትቆጣት። አስምለሃት መሆን አለበት፣ ከንፈሯን ነክሳ ነው የተቀመጠችው። እሱስ እንዴት ነው ስላት፣ ደህና ነው፣ ዘንድሮ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሳል እንጂ ብላ ለመሳቅ ሞከረች። እኔ እንዲያ የሚያፈሱ ሰዎች በየቀኑ ይመጡብኛል። አንዱ ዓይን ሲሄድ ርቀት መለየት አብሮት ይሄዳል። ስትወጣ ደብዳቤህን መስኮቱ ጋ ወስጄ እንደገና አነበብኩት። ያ እንደ ማተሚያ ቤት የሚስተካከል ጽሕፈትህ፣ መስመሩ መስመር ላይ ወጥቷል። የትኛው ዓይን እንደሆነ ብቻ ቀረኝና በር ድረስ ሮጬ ጠርቼ ጠየቅኳት። እጇን ወደ ግራ ጉንጯ ወሰደች።

ሰው አንድ ዓይን ሥሪልኝ ማለት ሲያፍር አሥራ አንድ ይጠይቃል። መጀመሪያ ተናደድኩብህ። ቀጥሎ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አንዱ ሐኪም ገብቶ አየኝና በሩን ዘጋልኝ።

ስማኝ። ቀኙን አይቶ ግራውን የሚሠራልህ ባለሙያ ሞልቷል፤ ግን ቀኝህ ላይ ነጥቧ የለችም። እንዴት እንደነበረች የምታውቅ ሕግ አፍራሽ አንዲት ናት። አሥራ አንዱንም እያየሁ ሰባተኛዋን መርጫለሁ። ልኩ ብቻ ነው የቀረው፣ ለልክ ደግሞ ሰውዬው ራሱ መምጣት አለበት።

ስለዚህ ና። ኩራትህን ለእህትህ አደራ ስጣትና ና። ማክሰኞ ወረፋ የለም። ልክ መውሰድ ግማሽ ቀን ቢበዛ ነው፣ እኔ ግን ሦስት ቀን ይፈጃል እልሃለሁ፤ ከአሁኑ እወቀው፣ ውሸቴን ነው። ናፍቀኸኛል። ክፍሌ በር ላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ደረጃዎች አሉ፣ ለብቻህ እንዳትሞክራቸው። እዚያው ቆመህ ጥራኝ፣ መጥቼ እጅህን እይዛለሁ።

እስከዚያው የቀረችህን አምላክ ይጠብቅልህ። እህትህንም ያኑርልህ። ቀንህ አይጨልም።

ቀለበቱን ከጠረጴዛው ላይ ያላነሳችው፣
የድሮ እጮኛህ