ለባለቤቴ ስለተደረገው የኅሊና ጸሎት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማችን የቀድሞ ሙዚቀኞች መታሰቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለእርስዎና ለመላው የኮሚቴ አባላት ሙሉ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ምኞቴ የይስሙላ አይደለም። በዚህ ከተማ ሰው በሕይወት መኖሩ የሚረጋገጠው በመተንፈሱ ሳይሆን በኮሚቴዎ ይሁንታ መሆኑን በቅርቡ ስለተረዳሁ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ኮሚቴው ስለ እርስዎ ሌላ ውሳኔ እንዳላሳለፈ ተስፋ አደርጋለሁ።

እልፍነሽ እባላለሁ። የነጎድጓድ ባንድ ጊታር ተጫዋች የነበረው፣ ይቅርታ፣ የሆነው የኢተፋ ባለቤት ነኝ።

ነጎድጓድን ለማያውቁ የቢሮዎ ልጆች ጥቂት ልበል። በስድሳዎቹ መጨረሻ አዳማ ውስጥ ጎፈሬ ያበጠረ ወጣት ሁሉ «ባንድ አለኝ» ይል ነበር፤ ባንድ የነበረው ግን ነጎድጓድ ነው። ኢተፋ ጊታር፣ ማናሴ ቤዝ፣ ጋሮምሳ ድራም ሲመቱ፣ አብዱናሲር ይዘፍናል። ሰፈር ሁሉ ስላባረራቸው የሚለማመዱት አባቴ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነበር፤ እዚያ ጩኸት ቢጨመር ማንም አያውቅማ። ወፍጮው ሲነሳ እነሱም ይነሳሉ፣ መብራት ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ዝም ይላል። ሲወጡ ጎፈሬያቸው ዱቄት ስለሚጠጣ በሃያ ዓመታቸው የሸበቱ ሽማግሌዎች ይመስሉ ነበር። ፈጪው በጋሮምሳ ድራም ትከሻውን ሲሰብቅ ጤፉን እየረሳው፣ የሰፈሩ እናቶች አባቴን «ጤፍ ሰጥተን ቅንጬ ተቀበልን» ብለው ወጥረው ይዘውት ያውቃሉ። ቅዳሜና እሑድ ሶደሬ ይጫወታሉ፤ ዋናተኛው ከውሃው ሳይወጣ ነበር የሚጨፍረው። እኔ ወፍጮ ቤቱ ሚዛን ጋ ቆሜ ከባለ ጊታሩ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤ እስከ ዛሬም አልነቀልኩም።

ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ከነጓዶቹ ወፍጮ ቤት ገብቶ «ይህ ዕቃ ወጣቱን ያዘናጋል» ብሎ ጊታሩን ወረሰው። አባቴ በግማሽ ኩንታል ዱቄት አስለቀቀው፤ ሁለት ክር ግን እዚያው ቀረ። እኛም ተጋብተን፣ ኢተፋ ቆቃ ግድቡ ጋ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ተቀጥሮ፣ ማንንም ሳንሰናበት ከከተማው ወጣን። ያኔ ድንገት የጠፋ ሰው ሞተ ስለሚባል፣ አዳማ ኢተፋን በሆዷ ቀበረችው። በከተማው አልፈርድም። ጡረታ ወጥተን ወደ አባቴ ግቢ ከተመለስን ግን እነሆ ስንት ክረምት አለፈ፤ የእርስዎ ቢሮም ከበራችን በእግር የሚደረስ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ፎዚያ የምትባል ትሑት ልጅ ለሙዚቀኞች መታሰቢያ በዓላችሁ ልትጋብዘን ከቢሮዎ ደውላ «የጋሽ ኢተፋ ቤተሰብ ነዎት?» ስትለኝ «አዎ» አልኩ። «እሳቸውስ?» ብላ ብትጨምር ኖሮ አጠገቤ ቆሞ ሽንኩርት ይልጥ ስለነበር ስልኩን አቀብለው ነበር። በልጅቷ አላዝንም፤ ጥያቄው ተጽፎ ያልተሰጣት እሷ ምን ታድርግ?

ሁለተኛ፣ ስለ ሥነ ሥርዓቱ ድምቀት አመሰግናለሁ። ኢተፋ ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ለብሶ አያውቅም። በር ላይ ጥቁር ሪባን ደረቱ ላይ ተደርጎለት፣ የሟች ቤተሰብ በሚቀመጥበት ፊተኛው ረድፍ ተቀመጥን። መድረኩ ላይ ጊታር የያዘ፣ ግንባሩን የቋጠረ ወጣት ትልቅ ፎቶግራፍ በጥቁር ጨርቅ ተከቦ፣ ሥሩ የአበባ ጉንጉን ተቀምጦለት ነበር። እርስዎም ወደ አትሮንሱ ወጥተው ኢተፋ «በአፍላ ዕድሜው እንደ ተቀጠፈ» ሲያነቡ ድምፅዎ ተንቀጠቀጠ። ልነሳ ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘና «ዲሲ እልፌ፣ ተዪ፤ ሰው ሐዘን ላይ ነው» አለኝ። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ገብቶ የሚያርም ባለጌ ነው፤ ሟቹ ራሱም ቢሆን። ስለዚህ ለኅሊና ጸሎቱ ተነሡ ሲባል፣ ጉልበቱን የሚያመው ባለቤቴ ከሁሉ ቀድሞ ቆመ፤ ባርኔጣውንም አውልቆ ለራሱ ጸለየ። እንባው የመጣው የጋሮምሳ ስም ሲጠራ ነው፤ እሱ እውነት ስለሞተብን። ስንወጣ ሴቶቹ «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ ሳሙኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ኢተፋን እጁን ጨብጠው ወደ ፎቶግራፉ እያዩ «ወንድሙ ነህ አይደል? ቁርጥ እሱን!» አሉት። እሱም ሰው ማሳፈር ስለማይወድ «ይሉኛል» አለ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሒሳቡ። ነጎድጓድን እንዳለ ከሙታን ቆጥራችሁታል። ከአራቱ ያረፈው ጋሮምሳ ብቻ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ማናሴ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለመዘምራኑ ቤዝ ይመታል፤ ጣቶቹ ካሁኖቹ ልጆች ይፈጥናሉ። አብዱናሲር ሁሩታ ስንዴ ይነግዳል፤ ዋጋ ሲከራከር ድምፁ አሰላ ይሰማል ይባላል። ስለዚህ ነጎድጓድ ቢያንስ በድምፅ ብልጫ በሕይወት አለ።

አራተኛ፣ ይህንኑ ላስረዳ በነጋታው ቢሮዎ ስመጣ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። የለመንኩት ትንሽ ነገር ነበር፤ ገና ለሚቀረው የበዓሉ መዝጊያ ኢተፋ በመድረካችሁ ላይ አንድ ዜማ ይጫወት አልኩ። ጸሐፊዎ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ የእናንተ ኮሚቴ የሚመለከተው ያለፉትን ብቻ መሆኑን፣ በሕይወት ያሉትን የሚመለከተው ኮሚቴ ደግሞ ገና እንዳልተቋቋመ አስረዱኝ። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ያ ኮሚቴ እስኪቋቋም ከቆየ ወደ እናንተው መመለሱ ስለማይቀር፣ አሠራሩ የታሰበበት መሆኑን አደንቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ለአፍታ ልተወው። ባለቤቴ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ጊታሩን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ከእናንተ አዳራሽ ከተመለስን ወዲህ ከረጢቱ ውስጥ ከቶ ከቁም ሣጥን ጀርባ አቁሞታል። «ሕዝቡ አልቅሶ ሸኝቶኛል፤ በእነዚህ ደረቅ ጣቶች ተመልሼ ብመጣ እሱም ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ» ይለኛል። ቤቴ ዝም አለ። የወፍጮ ቤት ልጅ ነኝና ዝምታ አልወድም። እናንተ ያን ቀን ለአንድ ደቂቃ ብላችሁ የጀመራችሁት ዝምታ እኔ ቤት ገና አላለቀም።

ስለዚህ ያወጃችሁትን ሞት ተቀበልኩ። ሞት ካለ ድንኳን አለ ብዬ ወደ ዕድራችን ሰብሳቢ ወደ አቶ ያደታ ሄድኩ። በሆዳቸው ስቀው ድንኳኑንም አግዳሚ ወንበሩንም ፈቀዱልኝ፤ ኢተፋ ወጥቶ ሲያግዝ ጊዜ ግን «እትዬ እልፍነሽ፣ በዕድራችን ሟች ካስማ ሲመታ የመጀመሪያው ነው» ብለው ሆዳቸውን ያዙ። ማናሴ ቤዙን በባጃጅ ጭኖ መጣ። አብዱናሲር ከሁሩታ በስንዴ አይሱዙ ደረሰና አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። ሟቹ ምን አስቀመጠው? ጊታሩን ያምጣ እንጂ!» አለ። ኢተፋ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። ክር ሲቃኝ ከውስጥ ሰማሁ። በአዳራሻችሁ ያላለቀስኩት ሴትዮ እዚያ ድንኳን ሥር እንደ ልጅ አለቀስኩ።

የእናንተና የሕዝቡ ለቅሶ መድረሻ የፊታችን እሑድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በወፍጮ ቤቱ ግቢ ነው። ድራሙን የጋሮምሳ ልጅ ጫልቱ ትመታለች፤ ወፍጮውም ይነሳል። ጆሮ የሚያመው ሰው ጥጥ ይያዝ። መብራት ከጠፋ እንደ ድሮው ሁላችንም ዝም እንላለን፤ የቀረ የኅሊና ጸሎት ካላችሁ ያኔ ታደርሳላችሁ።

ባሏን በይፋ ቀብራችሁላት፣ በስንት መከራ መልሳ ያስነሣችው፣ ውለታችሁን እስከ ዕለተ ሞቷ (ቀኑን ከኮሚቴው እጠብቃለሁ) የማትረሳ፣ አክባሪዎ፣

እልፍነሽ፣ የነጎድጓድ ባንድ የኢተፋ ሚስት

ማስታወሻ፦ አበባ ያስቀመጣችሁለት ፎቶግራፍ የኢተፋ አይደለም። ጊታሩን የወረሰው ሊቀመንበር ለሪፖርት ሲል ይዞት የተነሣው ነው፤ የያዘውም ገልብጦ ነው። ኢተፋ ወዲያው ቢያውቀውም «ተዪው፣ እሱም ሞቷል፤ ሌላ ማን አበባ ያደርግለታል?» ስላለኝ ዝም አልኩ። እሑድ ስትመጡ ግን ፎቶግራፉን አትርሱ፤ ፊት ለፊት ወንበር አስቀምጠንለታል። ያን ቀን ሳይሰማው የወሰደውን ጊታር፣ አሁን ቁጭ ብሎ ይስማው።