«አረፈ» ያልኩሽ

ስርጉት፣
መርከብ ገብቷል ተብሎ ከወደብ ስለተደወለልኝ ሳትነቂ ወጣሁ። ሁለቱንም ጄሪካን ውሃ ሞልቻለሁ። ሩዙ ድስቱ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ ሳያበላሸው ብዪው።

ትናንት የፌስቲቫሉን ፊልም ስተረጉምልሽ ያጠፋሁት ጥፋት አለ።
መጨረሻ ላይ ደላላው ለእናትየዋ ደውሎ በጀልባ ስለተሰደደው ልጇ ሲነግራት፣ ከሥር የተጻፈውን ፈረንሳይኛ አንብቤ «አረፈ» አልኩሽ። አንቺ እጄን ጨብጠሽ «እሰይ፣ እሱስ አረፈ፤ ሳውዲ ገባ» አልሽ። እናትየዋ በደስታ የምታለቅስ መሰለሽ።
ሞተ ማለቴ ነበር። ልጁ ባሕር ላይ ነው የቀረው።

ወዲያው ላርምሽ ነበር። ከዚያ ለፌስቲቫሉ ኮንሰርት ስታዲየም ገባን። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲዘፍን አንቺም እየዘለልሽ «ሰብልዬ፣ እኔም ላርፍ ነው» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ጮኽሽ። ዓመት ሙሉ አብረን ስንኖር እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ሳላርምሽ አብሬሽ ዘለልኩ።

ቤት ስንገባ ከበሩ ኋላ የታሰረውን ሻንጣሽን አየሁት። ወደ ሳውዲ የሚያሻግርሽን የኦቦክ ጀልባ ቀን የቆረጥሽው ሳትነግሪኝ ነው።
እሱን አላነሳም።

ይህን አንብበሽም እንደምትሄጂ አውቃለሁ። አገር ቤት ተመለሺ እንዳልልሽ፣ ምን ይጠብቅሻል? እዚሁ ቅሪ እንዳልልሽ፣ ሥራ ፍለጋ ያላንኳኳሽው በር የለም።
ቁልፉን ባለሱቋ ዙሌይካ ጋ ተዪው።

ከተሻገርሽ ራስሽ ደውዪልኝ። «ደረስኩ» በዪኝ። «አረፍኩ» አትበዪኝ።

ሰብለወርቅ