ደህና ናት ያልኩሽ ቀን

ሰቃ፣ ኅዳር 14

ለወንድሜ ልጅ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። እንደምን ከርመሽልኛል? ያ የተጎዳው ጉልበትሽስ፣ በዚህ ብርድ አያስቸግርሽም? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ቡናው ደርሶ ለቀማ ላይ ነን። የእጅ ጽሑፌ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው። ስልክማ ነበረ፤ በስልክ ግን ሰላምታው ይቀድመኝና ነገሩ ሳይነገር ይዘጋል።

ልጄ ፋሂም ከአዲስ አበባ መጥቶ ነገረኝ። አሰልጣኝነቱን በቃኝ ብለሽ ደብዳቤ አስገብተሻል፤ ሰኞ መልስ ይሰጡሻል። "እማ፣ አንቺ አፉ ካላልሻት ሜዳ አትረግጥም" አለኝ። እሱም ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ኳስ የጀመርሽው እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነበር፤ የቡናው ጀንፈል ደርቆ ሲነሳና ማስጫው ባዶ ሲሆን። ቁምጣሽ ሥር ሱሪ፣ ሻርፕሽ ወደ ኋላ ተቋጥሮ። ጎረቤታችን ባህሪያ በአጥር አሻግራ "ወንድምሽ ኢስሃቅ ሴት ወለደ ወይስ በረኛ?" ስትለኝ፣ "አንቺም በረኛ ቢኖርሽ ባልሽ ባላመለጠሽ" ብዬ መለስኩላት። አንቺ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። ከዚያ ለጅማ ተጫወትሽ፣ ለአገር ተጫወትሽ። ጉልበትሽ ሲጎዳ ሁላችንም አለቀላት አልን፤ አንቺ ግን አንገትሽ ላይ ፊሽካ አንጠልጥለሽ ተመለስሽ። የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ስትሆኚ የሰቃ ሴት ሁሉ እኔን የአባትሽን እህት፣ አዳዳሽን ነው እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ። ልጄን ሩፈይዳን ለቡድኑ ስትጠሪያትማ ግቢው አልበቃኝም።

በጥር ልጄ ልምምድ ላይ ወድቃ ቀረች። ጀናዛዋን ይዘሽ መጣሽ። በሴቶቹ መሃል ተንበርክከሽ፣ "አዳዳ፣ አፉ በይኝ" አልሽኝ። ፊቴን አዞርኩብሽ። "አስሩጣ ገደለቻት" ያልኩትንም ሰምተሻል። ማንም ተይ አላለኝም፤ እናት ናት ብለው ነው።

አሁን የምጽፈውን ለማንም አልነገርኩም። ባለፈው ዓመት ለቀማ ላይ ሩፈይዳ ቅርጫቷን እንደያዘች ወደቀች። ከንፈሯ ጠቆረ። ውሃ ረጨሁባት፤ ተነሳች። "እማ፣ አሰልጣኟ ከሰማች ትጥለኛለች" አለችኝ። እሺ አልኳት። የቡድኑ ዝርዝር ወጥቶ ስሟ በቴሌቪዥን ሊጠራ አንድ ወር ቀርቶት ነበር፤ ለባህሪያም ነግሬያታለሁ።

ወደ ልምምድ በተመለሰች በሳምንቱ አንቺ ደወልሽ። "አዳዳ፣ ሩፉ ከስታብኛለች። ሐኪሙ ወድቀሽ ታውቂያለሽ ወይ ሲላት የለም አለች። እውነት ደህና ናት?" አልሽኝ። እኔም "ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። አባትሽስ ደህና ነው?" አልኩሽ። ደግመሽ ጠየቅሽኝ። ደግሜ እንዲያው አልኩሽ።

አፉ ብዬሻለሁ፣ ለዱንያም ለአኼራም። ይቺን ወረቀት ለአለቆችሽ አሳዪና ደብዳቤሽን መልሺ። የልጆቹን እናቶች ግን ከእንግዲህ በስልክ አትጠይቂ። ቤታቸው ሂጂ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጪ። ደህና ናት ሲሉሽ ቶሎ አትነሺ።

የሩፈይዳን ማሊያ ፋሂም ይዞልሽ ይመጣል። እስከ ትናንት ሳላጥበው ቆየሁ፤ ትናንት አጠብኩት። ለየትኛዋ እንደምትሰጪው አንቺ ታውቂያለሽ።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የምታሰለጥኛቸውን ሁሉ ከሜዳ በሰላም ወደ እናቶቻቸው ይመልስልሽ።

ከላይ ደህና ነኝ ያልኩሽን አትቀበይኝ። ደግመሽ ጠይቂኝ።

መልስሽን የምትጠብቅ
አዳዳሽ